ቀዩ ምልክት ስሙን ይናገር

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጎረቤታችን እማማ ከገበያ ሲመለሱ የቆርቆሮ አጥራቸው ላይ ቀይ የኤክስ ምልክት ተቀብቶ አገኙት። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። የከሰዓቱ ቡና ሳይፈላ ሠፈሩ ሦስት ትርጉም ሰጠው። አንዱ “መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ሁላችንም ተነሺ ነን” አለ። ሌላው “ኩሽናቸው ቦዩ ላይ ወጥቷል፣ ለሱ ነው” አለ። ሦስተኛው የጓሮውን ግድግዳ በዓይኑ ለክቶ “ይሄስ ሰው ላይ ሳይወድቅ ቢያፈርሱት ይሻላል” ብሎ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መጣ። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈውን የልጅ ልጃቸው እየተረጎመ አነበበላቸው። ንብረታቸውን በአስቸኳይ እንዲያነሡ ይላል። የትኛውን ንብረት፣ በምን ምክንያት፣ በየትኛው ሕግ፣ አይልም።

እማማ ወረቀቱን አጣጥፈው ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተቱትና “እግዜር ያውቃል” አሉ። እግዜር እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። ችግሩ ወረቀቱን የጻፈው ሰውም ማወቅና መጻፍ የነበረበት መሆኑ ነው።

እንዲህ ያለ ወረቀት የደረሰው የቤት ባለቤት ደላላም ሆነ ጠበቃ ከመፈለጉ በፊት ማድረግ ያለበት አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ስሙን እንዲናገር ማስገደድ። በአንድ ቀለም የሚቀቡት ጉዳዮች ሦስት ናቸውና። ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጭ የተሠራ ግንባታ አለ። አርጅቶ ወይም ተሰንጥቆ ለኗሪውም ለአላፊ አግዳሚውም የሚያሰጋ ቤት አለ። ጥፋትም ስንጥቅም የሌለበት፣ ነገር ግን ቦታው ለመንገድ ወይም ለሌላ የሕዝብ ጥቅም የተፈለገ ቤትም አለ። መጀመሪያው ላይ የሚነሣው ጥያቄ ጥፋት ነው፣ ሁለተኛው ላይ ደኅንነት፣ ሦስተኛው ላይ ካሳ። ለራስ ምታት፣ ለተሰበረ እጅና ለእርግዝና አንድ ዓይነት ማዘዣ የሚጽፍ ሐኪም ቢኖር ማናችንም ሁለተኛ አንሄድበትም ነበር።

ጅማ ላይ ሦስቱ የሚደበላለቁት እንዲያው አይደለም። ከተማችን የሂርማታን ገበያ ይዛ ያደገች ናት። በጅማው መርካቶ አካባቢ ከታች ሱቅ፣ ከላይ የጣውላ ሰገነት ያላቸው የድሮ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል፤ አንዳንዶቹስ ቆመዋል ከማለት ተደግፈዋል ማለት ይቀላል። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ዝናብ ለቡናው በረከት ነው፣ ለጭቃ ግድግዳ ግን ጠላት። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ሲጠግብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ ያለው ቤትም አብሮት ይሰነጠቃል። የቋሚውን እግር ከሥር ምስጥ ይበላዋል።

በዚህ ላይ የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 አለ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አድርጎ ለመኖሪያ የሚፈቀደውን ቦታ በ500 ካሬ ሜትር ወሰነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በየጓሯችን ይነበባል። ልጅ ሲያገባ አንድ ክፍል ይጨመራል፣ ተከራይ ሲገኝ ሰርቪስ ይቀጠላል፣ ወንድም ከገጠር ሲመጣ የአጥሩ ጥግ ይከደናል። ካርታው ላይ አንድ ቤት፣ መሬቱ ላይ አምስት። ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ፈቃድ ያወጣ ግን የለም።

ከአዲስ አበባ የተነሣው የኮሪደር ልማት ጅማ ሲደርስ ያገኘን እንዲህ ሆነን ነው። ልማቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። የአዌቱ ወንዝ የሠፈሩን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ የሚወርድበትን ዘመን አይቻለሁና ዳርና ዳሩ ሲጸዳ ደስ ብሎኛል። ደስ ያላለኝ፣ መንገዱን ለማስፋት የሚነሣ ቤትና ቦይ ላይ የወጣ ኩሽና በአንድ ብሩሽ መቀባታቸው ነው።

ከጥፋቱ ልጀምር፤ አብዛኞቻችን ሳንወድ የምንገኘው እዚያ ነውና። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከተሞች የሕንፃ ሹም እንዲኖራቸው አደረገ፤ ግንባታ በፈቃድ እንዲሆን ደነገገ፤ ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎም ተራውን ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት ቀላሉ ምድብ “ሀ” ውስጥ አስቀመጠው። ሰው የማያስተውለው ግን አዋጁ ይግባኝ ሰሚ ቦርድም ያቋቋመ መሆኑን ነው። የሕንፃ ሹሙ ቃል የመጨረሻ ቢሆን ኖሮ ቦርድ ባላስፈለገ። ስለዚህ “ከፈቃድ ውጭ ሠርተሃል” የተባለ ሰው ወዲያው አፍራሽ መቅጠር የለበትም። ቦታው የራሱ ከሆነ፣ የተጨመረው ክፍል የጎረቤትን ወሰን ወይም መንገድ ካልነካ፣ ንድፍ አሠርቶ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከነካም የነካውን ያህል ቆርጦ ቀሪውን ማዳን ይቻላል። አንድ ሜትር ኩሽና መቁረጥና ቤት ማፍረስ እኩል አይደሉም፤ ወረቀቱ “ንብረትዎን ያንሡ” ብቻ ሲል ግን እኩል ያስመስላቸዋል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ሁለት ቃላትን እንለይ፤ በነሱ መደበላለቅ የተነሣ ቤቱን ያጣ ሰው አለ። “ሕገወጥ ግንባታ” እና “ሕገወጥ ይዞታ” ለጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ። ግንባታው ሕገወጥ ነው ማለት ቦታው የእርስዎ ሆኖ ፈቃድ ሳያወጡ ሠርተዋል ማለት ነው። ይዞታው ሕገወጥ ነው ማለት ግን መሬቱ ራሱ የእርስዎ አይደለም፣ በተለምዶ ጨረቃ ቤት የምንለው ነው ማለት ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በሕገወጥ መንገድ የተያዘ የከተማ ቦታን ያለ ካሳ፣ በሰባት የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ብቻ ማስለቀቅን ፈቅዷል። ማስጠንቀቂያውን በር ላይ መለጠፍም ይበቃል። እንግዲህ የካርታ ባለቤት የሆነ ሰው ኩሽናው ፈቃድ ስለሌለው ብቻ እዚህ ዓምድ ውስጥ ሲጻፍና ዝም ሲል ምን እንደሚፈርም አስቡት። ቃሉን በወቅቱ በጽሑፍ መቃወም ግማሽ መንገድ ነው።

ለዚህ የሚረዳው የቆየ ወረቀት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የአስተዳደር አካል የሰጠውን የባለቤትነት ምስክር ወረቀት የያዘ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገምታል፤ አይደለም የሚለው ነው ማስረዳት ያለበት። ካርታ የሌለው ሰነድ አልባ ባለይዞታ ደግሞ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኙን፣ የመብራትና የውኃ ውሉን፣ ከቀበሌ የተጻጻፈውን ሁሉ ይሰብስብ። አንድ በአንድ ሲታዩ ተራ ወረቀት ናቸው፣ ሲደረደሩ ግን ሠላሳ ዓመት ይናገራሉ። የእማማ ሳጥን ውስጥ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለ ደረሰኝ በላስቲክ ታስሮ አግኝቻለሁ። የኔ ትውልድ ሁሉንም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ስልኩን ያስሰርቃል።

ወደ አደጋው ስንመጣ እውነቱን እንነጋገር። አንዳንድ ቤት በእርግጥ ይወድቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሕንፃ ወድቆ ጉዳት ሲያደርስ ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ “አላሰብኩም ነበር” ማለት አያድንም። ስለዚህ ግድግዳው ያዘነበለበት ሰው ከቢሮ ጋር ከመሟገቱ በፊት ልጆቹን ከዚያ ክፍል ያውጣ። ከዚያ በኋላ ግን የትኛው ክፍል ነው የሚያሰጋው፣ ማን አየው፣ በጥገና ይድናል ወይስ አይድንም ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። የጭቃ ቤትን የሚያውቅ አናጢ እንደሚነግራችሁ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ የበሰበሰ ቋሚ ሙሉ ቤት ማለት አይደለም። የበሰበሰው ይቆረጣል፣ የድንጋይ መሠረት በሲሚንቶ ይገባበታል፣ ጣሪያው አሸንዳ ይደረግለታል፣ ውኃው ከግድግዳው ይርቃል። ለዚህም የእድሳት ፈቃድ ይጠየቃል። መሐንዲስ አይቶ የጻፈው አንድ ገጽ እዚህ ላይ ከሃያ ምስክር ይበልጣል።

እግረ መንገዴን አንድ ሐሳብ ልጣል። ቂጦ ፉርዲሳ በሚባለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለን፤ ሲቪል ምሕንድስና የሚማሩ ልጆች በየዓመቱ ይመረቃሉ። አንድ መምህር አስተባብሯቸው የድሃ ሰው ግድግዳ አይተው ሪፖርት ቢጽፉ ምን ይጎድላል? ለልጆቹ ልምምድ፣ ለባለቤቱ ማስረጃ፣ ለከተማው ደግሞ አደገኛ ቤቶቹ የት እንዳሉ የሚያሳይ ካርታ ነው። የመርካቶዎቹ ባለ ሰገነት ቤቶችማ ጉዳያቸው ሌላ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት በ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ጥበቃ ሥር ነውና “አርጅቷል” ተብሎ ብቻ የሚፈርስ፣ ባለቤቱም እንዳሻው ነቅሎ የሚያድሰው አይደለም።

ሦስተኛው የካሳው ጉዳይ ነው፤ ገንዘቡም ብሶቱም ያለው እዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬቱን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎ፣ በላዩ የተሠራውን ቤት ግን የሠሪው የግል ንብረት ይለዋል፤ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስደው በቅድሚያ ተመጣጣኝ ካሳ እንዲከፍልም ያዛል። “በቅድሚያ” የሚለውን ቃል አስምሩበት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ዝርዝሩን አስቀመጠ። ተነሺዎችን በመርሕ ደረጃ ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ማወያየት ይገባል ይላል፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ ግን ጊዜውን ማሳጠር ይፈቅዳል። ይህቺ “አስቸኳይ” የምትባል ቀዳዳ አገሩን ሁሉ እያሳለፈች እንደሆነ የምናይ እናውቃለን። የተነሺነት ትእዛዝ የደረሰው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያመለክታል። ውሳኔው ካላረካው ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. ይህ አዋጅ በቁጥር 1336 ተሻሽሎ የካሳው ሸክም ወደ ክልሎች ዞሯል፤ ስለዚህ “ፌዴራል ገንዘብ አልላከልንም” የሚል መልስ እንደ ድሮው አያስኬድም።

ሠላሳ ቀን ብዙ ይመስላል። የመጀመሪያው ሳምንት በድንጋጤ ያልፋል። ሁለተኛው “አንድ ሰው አውቃለሁ” በሚል ዘመድ ያልፋል። ሦስተኛው ኃላፊው ስብሰባ ላይ በመሆናቸው ያልፋል። አራተኛው ሳምንት ላይ ሰው ማመልከቻ ጸሐፊ ፍለጋ ይሮጣል። ምክሬ ቀላል ነው፤ ማመልከቻው በመጀመሪያው ሳምንት ይግባ፣ ገቢ የተደረገበት ቁጥርና ቀን ያለው ቅጂ ደግሞ በእጅ ይያዝ። በቃል የተባለ ነገር ሁሉ አልተባለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ከሦስቱ መንገዶች ርካሹ ለባለሥልጣኑ የቱ ነው? የመጀመሪያው። ጥፋተኛ ካሳ አይከፈለውም፣ ምትክ ቦታ አይጠይቅም፣ አንድ ዓመት አስቀድሞ የሚያወያየው የለም። ስለዚህ መንገድ ሊሰፋ በተወሰነ ሰሞን፣ ሠላሳ ዓመት ማንም ያልተናገረው ኩሽና ድንገት “ሕገወጥ” ሲሆን ባለቤቱ መጠርጠር አለበት። ሁልጊዜ ተንኮል ነው አልልም፤ ብዙ ጊዜ ስንፍና ነው፣ አንዳንዴም በጀት ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ጎረቤቶቻችሁን ቁጠሩ። ምልክቱ በአንድ መስመር፣ ከመንገዱ እኩል ርቀት ላይ፣ ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም ሳይለይ ከወረደ ጉዳዩ ጥፋት አይደለም፣ መስመር ነው። መስመር ከሆነ ደግሞ ካሳ አለው። ይህን ለብቻ ከመናገር እንደ እድር ሆኖ፣ የሁሉንም ቤት በአንድ ወረቀት ስሎ መናገር ይሻላል።

ባለቤቶችም ንጹሕ አይደለንም። ምልክት ካየ በኋላ ካሳው እንዲበዛለት በአንድ ሌሊት ብሎኬት የሚደረድር ሰው አውቃለሁ። ከማስታወቂያ በኋላ የተሠራ ነገር ካሳ አያስገኝም፤ ብሎኬቱም ሲሚንቶውም ይቀልጣል፣ ክርክሩም ያኔውኑ ተዓማኒነት ያጣል። ሌላው ደግሞ ምልክቱን በኖራ አጥፍቶ ቤቱን ለማያውቅ ሰው ይሸጣል። ደላላው “ንጹሕ ቤት ነው” ይላል፣ ገዢው ከቦንጋ ወይም ከአጋሮ የመጣ ነው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ዶዘር ይመጣበታል። መሸጥ አንድ አማራጭ መሆኑን አልክድም፤ የሚያድስበት አቅም የሌለው ሰው ያለውን ዋጋ ይዞ ቢወጣ የሚወቀስ አይደለም። ግን ወረቀቱን ለገዢው አሳይቶ፣ ውሉን በጽሑፍ አድርጎ፣ ውልና ማስረጃ ዘንድ አስመዝግቦ ይሁን። ያን ጊዜ ዋጋው ይወርዳል፣ ኋላ ላይ ግን ፍርድ ቤት የሚያቆም ሰው የለም።

ዶዘሩ ነገ ሊመጣ ነው ከተባለስ? ያኔ መንገዱ እግድ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ክርክር ያለበት ንብረት እንዳይጠፋ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ እግድ እንዲሰጥ ይፈቅድለታል። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ክርክሩ ስለ ገንዘብ ብቻ ይሆናልና አንድ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ጠበቃ የማይችል ሰው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም ጅማ ላይ ቢሮ አለው። ኮሚሽኑ ዶዘር አያስቆምም፤ ደብዳቤው ግን ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፣ ፋይል ደግሞ ከሹም ዕድሜ ይረዝማል።

ከቢሮዎቹ በኩል የሚነሣውን መልስ ሰምቼዋለሁ። “ለእያንዳንዱ ቤት ምክንያት እየጻፍን፣ ቦርድ እየጠበቅን ከሄድን ከተማው መቼ ይሠራል?” ይላሉ። ይህ ተራ ሰበብ አይደለም፤ ጥቂት ባለሙያ፣ ብዙ ቤት፣ ከላይ የሚጨቀጭቅ ቀነ ገደብ መኖሩን አውቃለሁ። የምጠይቀው ግን አዲስ መሥሪያ ቤት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳጥኖች ይታተሙ፤ ፈቃድ የሌለው ግንባታ፣ አደገኛ ሕንፃ፣ ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ ይዞታ። አንዱ ላይ ምልክት ይደረግ። ከሥሩ የአዋጁ ቁጥር፣ አቤት የሚባልበት ቦታና ቀኑ ይጻፍ። በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይሁን፤ በዚህ ከተማ ሁለቱንም የሚናገር እንጂ ሁለቱንም የሚያነብ ሁሉም አይደለም። ይህ ለቢሮው አንድ ደቂቃ ይጨምርበታል። ለእማማ ዓይነት ሰው ደግሞ በየቢሮው ደጅ የሚጠናበትን ወር ይቀንስለታል።

የእማማን ነገር ሳልጨርስ አልተው። ሦስት ጊዜ አብሬያቸው ሄጃለሁ። መጀመሪያ “ይታወቃል” ተባልን፤ ምን እንደሚታወቅ አልተነገረንም። ሁለተኛ ጊዜ ያወቀው ሰው ፈቃድ ላይ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ግን የምንጠይቀውን በጽሑፍ ይዘን ሄድን፤ የትኛው ንብረት፣ በምን ምክንያት፣ በየትኛው ሕግ የሚሉ ሦስት መስመሮች። አንዲት ወጣት ባለሙያ ወረቀቱን አየች፣ ፋይሉን አወጣች፣ እና ሳቅ አለች። ጉዳዩ መንገድም ግድግዳም አልነበረም። ኩሽናቸው የጎርፍ ቦዩ ላይ ሰባ ሴንቲ ሜትር ወጥቷል፤ ይኸው ነው። ካርታው ደኅና፣ ቤቱም ደኅና። “ይቺን ይቁረጡና ያስታውቁን” አለቻቸው። እማማ “ልጄ፣ ይቺን ያኔ ብትጽፊልኝ ምን ነበረበት?” አሏት። እሷ አልነበረችም የጻፈችው።

ኩሽናው በሁለት ቀን ተቆርጦ ተለሰነ። ቦዩ ዘንድሮ አልሞላም። ስለ ጓሮው ግድግዳ ግን ማንም አልጠየቀንም፣ እኛም አላነሣንም፤ አናጢው ከመስከረም በኋላ እመጣለሁ ብሎናል። ቀዩ ምልክት አጥሩ ላይ እንዳለ ነው። ለማጥፋት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ እማማ ጠይቀው መልስ ስላላገኙ፣ የልጅ ልጃቸው የበቆሎ ማስጫውን አስጠግቶ ሸፍኖታል።